የዉስተር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጉዳይ፦ ሙያ ሲከበር በሩ ለማን ይጠባል?

የከተማዋ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊደሉ ብዙ ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ግማሹን ውጦ «ዉስተር» ይላታል። በማሳቹሴትስ ግዛት ከቦስተን በስተ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ206,000 በላይ ነዋሪ ተመዝግቦባታል፤ በሕዝብ ብዛት ከግዛቲቱ ከተሞች ሁለተኛዋ ናት። (ስለ አሜሪካ ሳወራ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ኢትዮጵያ ሲሆን በእኛው።) ዉስተር በእጅ ሥራ ያደገች ከተማ ናት፤ ሽቦ ሲጎተትባት፣ የብረት መሳያ ድንጋይ ሲጋገርባት፣ የሽመና ማሽን ሲገጣጠምባት ኖራለች። ከእነዚያ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ለእነሱ ሠራተኛ እንዲያፈራ በ1910 የተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት ግን ስሙንና ሕንጻውን እየቀያየረ እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

ይህን ትምህርት ቤት የመረጥኩት ዝነኛ ስለሆነ አይደለም። ዝናው ራሱ ጣጣ ይዞበት ስለመጣ ነው። «የሰነፎች መጣያ» ይባል የነበረ ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወላጅ ልጁን ለማስገባት የሚሰለፍበት ሆነ። ሰልፉ ሲረዝም ደግሞ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ስለ ሙያ ትምህርት በአገራችን ሲወራ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው የማሽን እጥረትና የአሠልጣኝ ጉድለት ነው። የዉስተር ታሪክ ግን ዓይኔን ወደ በሩ መለሰው።

ከ25,000 ልጆች የተነሳ ሐሳብ

ነገሩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ መከፈት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በ1905 የማሳቹሴትስ ገዥ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ፤ የሠለጠነ ሠራተኛ እጦት ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማሩትም። የግዛቲቱን የኢንዱስትሪ ትምህርት የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በ1906 ባወጣው ሪፖርት ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 የሆነ 25,000 ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን አሳወቀ፤ ገሚሱ በየፋብሪካው የማያሳድግ ተራ ሥራ ይሠራል፣ ገሚሱ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ከሁሉ የሚገርመው ምክንያቱ ነበር። ልጆቹን ከትምህርት ያወጣቸው ድህነት ብቻ አልነበረም። ብዙ ቤተሰብ ማስተማር እየቻለ፣ ልጁም ወላጁም ትምህርቱ እንጀራ አይሆንም ብለው ተስፋ ስለቆረጡበት ነበር የተዉት።

ዉስተር ላይ ይህን ጥሪ የሰሙት ሚልተን ሂጊንስ ናቸው። ሂጊንስ በከተማዋ የምሕንድስና ተቋም የዋሽበርን ወርክሾፕ ኃላፊ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ ኖርተን የተባለውን የመሳያ ድንጋይ ፋብሪካ ካቋቋሙትም አንዱ ናቸው። በዋሽበርን ወርክሾፕ የምሕንድስና ተማሪዎች ከደመወዝተኛ ባለሙያዎች ጎን ቆመው ገበያ ላይ የሚሸጥ ዕቃ ይሠሩ ነበር። ሂጊንስ ከዚህ ያገኙት ትምህርት አጭር ነው፦ ገዢ የሌለው ዕቃ አያስተምርም። ለመለማመጃ ብቻ የተሠራ ጠረጴዛ ቢወላገድ የሚቆጣው መምህሩ ብቻ ነው፤ የተሸጠ ጠረጴዛ ቢወላገድ ግን ተመልሶ ይመጣል። በዚህ እምነት የወንዶች የሙያ ትምህርት ቤቱን በ1910 አስከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ የሴቶቹ ተከተለ። የሴቶቹ ትምህርት ቤት ኋላ ዴቪድ ሄል ፋኒንግ በሚባሉ የኮርሴት ፋብሪካ ባለቤት ስም ተሰየመ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙ አሥርት ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው፤ ታሪኩ ከብዙ አገሮች ታሪክ የተለየ አይደለምና። ፋብሪካው ቀነሰ፣ ኮሌጅ የክብር መንገድ ሆነ፣ የሙያ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ያልሆነለት ልጅ የሚላክበት ሆነ። ሕንጻው አረጀ። «ቮኬሽናል» (የሙያ) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረው «ቮክ» የሚለው የቁልምጫ ስም ንቀት ያዘለ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

2006

ለውጡ የመጣው በ2006 ነው። በ90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ ከከተማዋ ኮረብታዎች በአንዱ ላይ፣ ግሪን ሂል ከሚባለው መናፈሻ አጠገብ፣ ወደ 37,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው አዲስ ሕንጻ ተከፈተ። ስሙም ዉስተር ቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተባለ። ሕንጻው እንዲቆም ለዓመታት ደጅ ከጠኑት አንዱ ቴድ ኮግሊን የሚባሉ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። እኚህ ሰው ከንግድ ወዳጆቻቸው መሣሪያና ገንዘብ በመለመን ይታወቁ ነበር። የመጀመሪያዋ ርዕሰ መምህር ሺላ ሃሪቲ ሆኑ። ከ1,400 በላይ ተማሪዎችን እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ትምህርት ቤት በሆኑ አራት ክፍሎች ሸንሽነው፣ በ24 የሙያ ዘርፎች መደቧቸው።

ሕንጻ ሰው አያሠለጥንም። አዲስ ግቢ ተመርቆ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ማሽኑ ከነሽፋኑ አቧራ ሲጠጣ ያላየ ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ትኩረቴ ሕንጻው ውስጥ በሚደረገው ላይ ነው።

ተማሪው አንድ ሳምንት ሙሉ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክና ሳይንስ ይማራል። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሩን ዘግቶ፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ ወርክሾፕ ይገባል። ሰኞ ጠዋት የገባ እስከ ዓርብ አይወጣም። ከቀኑ ውስጥ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለተግባር የሚሰጥበትን አሠራር ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል፤ በዚያ አሠራር መሣሪያ ወጥቶ፣ ሥራው ተጀምሮ፣ ገና እጅ ሲሞቅ ደወል ይደወላል። አንድ ሳምንት ሲሰጥ ግን ሥራ ሥራ ይሆናል። ሰኞ የተበላሸው ማክሰኞ ይፈታል፣ ሐሙስ ይታረማል፣ ዓርብ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።

ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል ያልኩት በምክንያት ነው። ግቢው ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ምግብ ቤት አለ፣ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ አለ፣ የውበት ሳሎን አለ። ከሁሉ የተለየው ግን በ2012 የተከፈተው የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ክሊኒኩን የሚያንቀሳቅሰው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ነው፤ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ የከተማዋ ነዋሪዎች ውሻና ድመታቸውን ይዘው በዝቅተኛ ዋጋ ይታከሙበታል። ፈቃድ ያለው ሐኪም ይመራዋል፤ የመጨረሻ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ይመረምራሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ረዳቶች ናቸው።

ረዳትነት ቀላል ሊመስል ይችላል። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ውሻ ይዛ ስትቆም አስቡ። መጀመሪያ ትመዝነዋለች፤ ክብደቱ ከተሳሳተ የመድኃኒቱ መጠን ይሳሳታልና ቁጥሩን ሁለቴ ታየዋለች። ሙቀቱን ትለካለች፣ በመዝገቡ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አውጥታ አንገቱን በአንድ ክንዷ፣ ሆዱን በሌላው ደግፋ ትይዘዋለች። አያያዟ ከላላ ሐኪሙ ይነከሳል፤ ከጠበቀ ውሻው ይሸበራል። አጠገቧ ደግሞ ባለቤቱ ቆሟል፤ ምናልባት ከኪሱ ያለውን ሁሉ ይዞ የመጣ ሽማግሌ፣ ዓይኑን ከእጇ ላይ የማይነቅል። ይህች ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሒሳብ ክፍል ገብታ ስለ ምጣኔና መቶኛ ስትማር «ይህ ምን ያደርግልኛል?» ብላ የምትጠይቅ አይመስለኝም። ሂጊንስ ስለ ጠረጴዛ ያሉት ለውሻም ሠርቷል።

አንድ ጊዜ በአገራችን አንድ የብየዳ ወርክሾፕ ገብቼ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። አሠልጣኙ ኤሌክትሮድ እንደ መድኃኒት ክኒን ቆጥሮ ያድላል። ሠልጣኞቹ ሁለት ቁራጭ ብረት ያጋጥሙና ይበይዳሉ፤ አሠልጣኙ አይቶ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ የተበየደውን መልሰው ይቆርጡታል፣ በማግስቱም ያንኑ ብረት ይበይዱታል። ብረቱ ከቀን ወደ ቀን ያጥራል። አንዱን ልጅ «ይህ ምን ሊሆን ነው?» ብለው «ምንም፣ ለማለፊያ ነው» አለኝ። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ስፌቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት እኩል እኩል ተደርድሯል። ግን ከግቢው አጥር ውጭ በርና መስኮት የሚያሠራ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ የእሱ እጅ አጭር ብረት ሲያሳጥር ይውላል።

ምርጫው ከመቅመስ በኋላ ነው

ሌላው የማሳቹሴትስ አሠራር በእኛ ዘንድ ብዙም ሲወራ ያልሰማሁት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ ሙያውን ወዲያው አይመርጥም። ወራት የሚፈጅ የመቃኛ ጊዜ ይሰጠውና ከአንዱ ወርክሾፕ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይሞክራል፤ ጥቂት ቀን ከአናጺዎች ጋር፣ ጥቂት ቀን ከቧንቧ ሠራተኞች፣ ከዚያ ከኤሌክትሪክ፣ ከምግብ ዝግጅት፣ ከፀጉር ሥራ። ሙያውን የሚመርጠው ይህን ከቀመሰ በኋላ ነው። ወላጅ ልጄ ኮምፒውተር ይማርልኝ ብሎ ልኮት፣ ልጁ ቆርቆሮ ሲያጥፍ ደስ ብሎት ይቀራል። ሴት ልጅ አናጺነት ትሞክራለች፤ ያንን በር ሌላ ቦታ ማንም አይከፍትላትም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ «አልወደድኩትም» ብሎ ከሚወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ቢለይለት ለመንግሥትም ለልጁም ርካሽ ነው።

የሙያ ፈቃዱ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ባለ አካል እጅ ነው። በማሳቹሴትስ ፀጉር ሠሪ ለመሆን የ1,000 ሰዓት ሥልጠና ግድ ነው፤ ተማሪዋ ይህን በትምህርት ቤት ሳሎን ውስጥ ሰዓት በሰዓት እየቆጠረች ትሞላዋለች። ባለ ፈቃድ ኤሌክትሪሽያን ለመሆን 8,000 የሥራ ሰዓትና 600 የክፍል ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሁለተኛ ደረጃ የተማረው ከዚህ የተወሰነው ስለሚታሰብለት፣ ልጁ ሲመረቅ መንገዱን ከዜሮ አይጀምርም። ውጤታቸው ጥሩ የሆነ የመጨረሻ ዓመታት ተማሪዎች የወርክሾፕ ሳምንታቸውን እውነተኛ ድርጅት ውስጥ በደመወዝ ሠርተው ሊያሳልፉ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ዘርፍ ቀጣሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ያሉበት አማካሪ ኮሚቴ እንዲኖር የግዛቲቱ ሕግ ያስገድዳል። በእኛም አገር ትብብር ሥልጠና፣ ሰባ በመቶ በድርጅት፣ ሠላሳ በመቶ በተቋም የሚል መመሪያ አለ። በወረቀት ላይ የእኛው ይበልጣል። የሚጎድለው ሠልጣኙን ተቀብሎ እውነተኛ ሥራ የሚሰጠው ድርጅት ነው።

አንድ መለኪያ

ለእኔ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሳቹሴትስ በ1993 የትምህርት ማሻሻያ ሕግ አወጣች፤ በዚያ መነሻነት ከ2003 ተመራቂዎች ጀምሮ ማንኛውም የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ለማግኘት የግዛቲቱን ፈተና ማለፍ ነበረበት። የሙያ ትምህርት ቤቶች የተለየ ቀለል ያለ ፈተና አልተሰጣቸውም። በያጁም፣ ጸሐፊውም፣ ሐኪም ሊሆን ያሰበውም አንድ ወረቀት ላይ ተቀመጡ። ብዙዎች የሙያ ትምህርት ቤቶች ያበቃላቸዋል ብለው ነበር፤ የትምህርት ዘመኑ ግማሽ ወርክሾፕ ውስጥ የሚያልቅ ተማሪ እንዴት ሌላውን ይስተካከላል?

ተስተካከለ። ዉስተር ቴክኒክ የንባብና የሒሳብ ሰዓቱን አጠናከረ፣ በወርክሾፕ ውስጥም ማንበብና መጻፍ እንዲገባ አደረገ፣ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርቶችን ጨመረ። ከከተማዋ ደካማ ትምህርት ቤቶች ይመደብ የነበረው በ2013 ከአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር የላቀ ትምህርት ቤት ሽልማት ተቀበለ። ሺላ ሃሪቲ በ2014 የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ የሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር ተባሉ። በዚያው ዓመት ሰኔ 11 ቀን ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ መጥተው በምርቃቱ ላይ ንግግር አደረጉ። (የፈተናው ግዴታ በ2024 ኅዳር በሕዝብ ድምፅ ተነሥቷል፤ ያ ሌላ ክርክር ነው።)

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱ ውጤት የተሻሻለው ትምህርቱ ስለተሻለ ነው ወይስ የሚገቡት ልጆች ስለተለዩ? በ2003 ግዛቲቱ የሙያ ትምህርት ቤቶች አመልካች ሲበዛባቸው መርጠው እንዲቀበሉ ፈቅዳ ነበር። መመዘኛዎቹ የቀድሞ ትምህርት ውጤት፣ የክትትል (ከትምህርት የመቅረት) መዝገብ፣ የሥነ ምግባር መዝገብ፣ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ነበሩ። «ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት» እንዲሉ፣ መርጦ የወሰደ ጥሩ ቢያፈራ ምን ይደንቃል?

ጥያቄው በምኞት የሚመለስ አይደለም፤ ደግነቱ ሾን ዶኸርቲ የተባሉ ተመራማሪ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ፈትሸውታል። ዘዴያቸው ብልህ ነው፦ ከመግቢያው ነጥብ ጥቂት ከፍ ብለው የገቡትን፣ ጥቂት ዝቅ ብለው ከተመለሱት ጋር አነጻጸሩ። በእነዚህ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ነው፤ በጠባይም በችሎታም አይለያዩም ማለት ይቻላል። የማሳቹሴትስ ውጤት እንደሚያሳየው ጥሩ የሙያ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ በጊዜው የመመረቅ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ነጥብ ከፍ ይላል። ይህ ቁጥር የተሻለ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለመጡ ልጆች ነው። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡትና በመግቢያው ነጥብ ጠርዝ ላይ ለቆሙት ጥቅሙ ከዚህም እንደሚበልጥ ፍንጭ ተገኝቷል።

ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ትምህርት ቤቱ በጣም የሚጠቅመው ለማስገባት የሚያመነታበትን ልጅ ነው። ውጤቱ ከፍ ያለው ልጅ ሌላም ቦታ ቢሄድ ይመረቃል። ሊያቋርጥ ጫፍ ላይ የደረሰውን የሚይዘው ግን ወርክሾፑ ነው፤ እሱን ደግሞ መዝገቡን አይተው ይመልሱታል።

ዶኸርቲ ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር በጎረቤቷ ኮኔቲከት ግዛት ባሉ 16 የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ላይ በተመሳሳይ ዘዴ የሠሩት ጥናትም አለ። ለጥቂት የገቡ ወንዶች ለጥቂት ከቀሩት ይልቅ የመመረቅ ዕድላቸው በ10 በመቶ ነጥብ ገደማ፣ ኋላ የሚያገኙት ገቢ ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ በልጧል። ለሴቶች ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ይህን የሚያነሣ የሙያ ትምህርት አድናቂ ብዙ አላየሁም፤ ሊነሣ ግን ይገባል። የእኔ ግምት ሴቶች በብዛት የሚገቡባቸው ሙያዎች፣ ፀጉር ሥራና ምግብ ዝግጅትን የመሰሉት፣ ገበያው በአነስተኛ ደመወዝ የሚከፍልባቸው ናቸው የሚል ነው። በያጇ ሴት ከበያጁ እኩል ታገኝ ይሆናል፤ በያጅ ወርክሾፕ ውስጥ ግን የምትገኘው ጥቂቷ ናት።

በሩ

ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ ተቃውሞው በረታ። የሙያ ትምህርት ፍትሕን የሚጠይቅ ጥምረት ተቋቋመ። የግዛቲቱ መረጃም የጥቁሮችና የስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉና አካል ጉዳተኛ የሆኑ ልጆች የመግባት ዕድላቸው ዝቅ ያለ እንደሆነ አሳየ። ደንቡ በ2021 ላላ አለ፤ ተቃዋሚዎቹ አልረኩም፤ በ2023 ለፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብት አቤቱታ ቀረበ።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎቹ መከራከሪያ ተራ አልነበረም፤ በመናቅ ልናልፈው አይገባም። ወርክሾፕ ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ አለ፣ የብየዳ እሳት አለ፣ የፈላ ዘይት አለ። ደጋግሞ የተደባደበ፣ መምህሩ ሲናገር የማይሰማ ልጅ እዚያ ሲገባ ጣት የሚቆረጠው የእሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ደግሞ ቦታው ውስን ነው፤ ሙያውን ከልቡ የሚፈልግ ልጅ ቀርቶ፣ ስሙ ስለ ገነነ ብቻ የመጣ ወንበር ይይዛል። የኋለኛው ነጥብ ግን ወደ ራሳቸው ይመለሳል። ውጤት ሲመረጥ ከሚገቡት ብዙዎቹ በቀጥታ ኮሌጅ የሚሄዱ ናቸው፤ ወርክሾፑን እንደ ጥሩ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይማሩበታል እንጂ ቧንቧ ሠራተኛ አይሆኑም። ኮሌጅ መሄዳቸው ጥፋት አይደለም። ግን ቧንቧ ሠራተኛ መሆን የሚፈልገው፣ የሰባተኛ ክፍል ሒሳቡ የከዳው ልጅ በር ላይ ቀርቷል።

የግዛቲቱ የትምህርት ቦርድ በግንቦት 2025 ወሰነ፦ አመልካች ከቦታ ከበዛ በዕጣ። ውጤት፣ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ መመዘኛ መሆናቸው ቀረ። የክትትልና የሥነ ምግባር መዝገብ በተወሰነ መጠን ሊታይ ይችላል፤ የመሰንጠቂያው ክርክር ያተረፈው ይህንን ነው። እኔ ዕጣውን እደግፋለሁ፣ ግን በሙሉ ልብ አይደለም። ዕጣ ፍትሐዊ ቢሆንም የቦታ ጥበት መኖሩን የማመን ምልክት ነው። አንድ ሺህ ልጅ አናጺነት ልማር ብሎ ሲመጣ፣ አምስት መቶውን በዕጣ መመለስ አምስት መቶውን በውጤት ከመመለስ ይሻላል፤ ሁለቱም ግን ሁለተኛ ወርክሾፕ ከመክፈት አይሻሉም።

እኛ ዘንድ በሩ የተሠራው ተገልብጦ ነው። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ በዘመኑ ስሙ የከበረ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተግባራዊ ሲሆን ግን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከአሥረኛ ክፍል ፈተና ጋር ተቆራኘ። ውጤት የመጣለት መሰናዶ ይገባል፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ። ማስፋፋቱ እጅግ ፈጣን ነበር፤ ከግብርና ውጭ ያሉት ተቋማት በ1989 ዓ.ም. 17 ነበሩ፣ በ1997 ዓ.ም. 199 ደረሱ፤ ሠልጣኙም ከ3,000 ወደ 106,336 አደገ። ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን ከመቶ ሺህው ስንቱ «መርጬ ገባሁ» ይላል? ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙን ከቴክኒክና ሙያ ዝርዝር ውስጥ ያገኘ ልጅ ቤቱ ሲገባ እናቱ እንደ ሐዘንተኛ ስትቀበለው ሰፈራችን አይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነበር። «ጠይብ» የሚለው ስድብ ከአፍ ሲጠፋ፣ «ውጤት ያልመጣለት» የሚል ተተካ።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ችግሩ ግን ሁለት ክፍል ወደ ላይ ወጣ እንጂ አልጠፋም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በማግስቱ በየሚዲያው የተሰማው ምክር «ቀሪዎቹ ወደ ሙያ ይግቡ» የሚል ነበር። ምክሩ መልካም ነው፤ የተነገረበት ሰዓት ግን ሙያውን እንደገና የወደቁ ሰዎች መጠለያ አደረገው። ዉስተር ላይ በሩ የሚከፈተው በአሥራ አራት ዓመት ነው፤ ልጁ ገና ሳይወድቅ፣ ሒሳቡንም ሙያውንም እኩል ይማር ዘንድ። ማንም በሽንፈት አይገባም፤ ችግራቸው ሁሉም መግባት መፈለጉ ነው።

በማሳቹሴትስ አዲሱ የዕጣ ደንብ የሚጀምረው በ2026 መከር ዘጠነኛ ክፍል ከሚገቡት ተማሪዎች ነው። መዶሻ የያዘ እጅ፣ ከስልክ ሌላ ምንም ያልያዘ እጅ አብረው ይገባሉ። ወርክሾፕ ሲገቡ በቅድሚያ የሚማሩት ስለ ሥራ ደህንነት ነው፤ መነጽር እንዴት እንደሚደረግ፣ ረጅም ፀጉር ለምን እንደሚታሰር፣ ማሽን ከመንካት በፊት ኃይሉ እንዴት እንደሚቋረጥ። ከዚያ መቃኛው ይጀምራል፤ ጥቂት ቀን አናጺ ቤት፣ ጥቂት ቀን ቧንቧ፣ ጥቂት ቀን ኤሌክትሪክ።